ኤፍ ዋን፦ የማታረጀው ዕቃ

ፌስቡክ ላይ «በቁጥጥር ስር ዋለ» የሚል ዜና ሲመጣ ፎቶውን አጉልቼ የማየት ልማድ አለኝ። ክላሽ፣ ሽጉጥ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ጥይት... ጥግ ላይ ደግሞ ኤፍ ዋን። ቴሌግራም ስከፍት ያችኑ ኤፍ ዋን ዩክሬን ውስጥ ከድሮን ሆድ ስትወርድ አያታለሁ። ቆይ፣ አንድ ዕቃ መቶ ዓመት ሙሉ ከገበያ የማይወጣው እንዴት ነው?

መነሻዋ ፈረንሳይ ናት፤ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ የተሠራች። ሶቪየቶች ተቀብለው የራሳቸው አደረጓት፤ ወታደሮቹም «ሊሞንካ» አሏት፣ ሎሚ እንደማለት። ክብደቷ 600 ግራም ገደማ ሲሆን ፈንጂው 60 ግራም ብቻ ነው። የሚገድለው በአብዛኛው የብረቱ ፍንጣሪ ነው። (ላይዋ ላይ ያሉት አራት ማዕዘኖች እኩል እኩል የሚሰባበሩ ይመስላሉ አይደል? አይደለም፤ ብረቱ እንዳሻው ነው የሚበታተነው።)

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ወታደር ከ35 እስከ 45 ሜትር ይወረውራታል፤ ፍንጣሪዋ ግን እስከ 200 ሜትር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ወርዋሪው ራሱ መከለያ ያስፈልገዋል። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ተጠቃሚውም የሚከፍለው ወጪ አለ። ድሮን ያጠፋው ይሄንን ወጪ ነው። ወርዋሪው አሁን ኪሎ ሜትሮች ርቆ ስክሪን ላይ አፍጥጧል። መጋዘን ውስጥ የተረሳ ርካሽ ዕቃ በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ።

እኛ ሀገር ግን የእጅ ቦምብ ለመጉዳት ድሮን አላስፈለገውም። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የተወረወረው ሁለት ሰው ገድሎ ከ150 በላይ አቁስሏል። ሰልፍ የወጣ ሰው ምሽግ የለውም።

ለዚህ ነው የፖሊስ ዜናዎቹ ቅር የሚሉኝ። «ይህን ያህል ቦምብ ተያዘ» ይባልና ያበቃል። ቦምቡ አንዴ ከተሠራ ለአሥርት ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሊዞር ይችላል። ደግሞ ፊውዙ ላይ የፋብሪካ ምልክትና የተመረተበት ዓመት ይታተማል። ያንን መመዝገብና ማነጻጸር ዕቃው ከአንድ መጋዘን እየወጣ ይሁን ከድንበር ማዶ እየገባ ፍንጭ ይሰጣል። ሁለቱ ደግሞ መፍትሔያቸው ለየቅል ነው፤ አንዱ የመጋዘን ቁልፍ፣ ሌላው የኬላ ፍተሻ። ቀጣዩ ፎቶ ሲለጠፍ ቢያንስ ያቺን ጽሑፍ አቅርባችሁ አንሱልን።