ሕፃን ልጅ በማደንዘዣ መድኃኒት ሲተኛ

ልጃቸው በሆስፒታል ቀዶ ጥገና እንዲደረግለት የታዘዘባቸው ወላጆች አብዝተው የሚጨነቁት ስለ ስለቱ ነው፤ ስለ ማደንዘዣው መድኃኒት የሚጠይቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ለእናቶችና ለአባቶች ስለዚሁ ነገር ጥቂት ቃል ልንጽፍ ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ ሕፃን ማለት አካሉ ያነሰ ጐልማሳ ማለት አለመሆኑ ነው። ጐልማሳ ሰው በዕረፍት ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል። በክብደቱ ሲመዛዘን የሚያስፈልገው ኦክስጅን ከጐልማሳው እጥፍ ያህል ነው፤ በሳንባው የሚያኖረው ትርፍ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ትንፋሹ ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢቋረጥ ፈጥኖ ይጐዳል። 3 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ደሙ በጠቅላላው ሩብ ሊትር ያህል ስለ ሆነ፣ ለትልቅ ሰው ከቁም ነገር የማይገባ የደም ፍሰት ለእርሱ ብርቱ አደጋ ይሆናል።

ብርድም ሌላው ጠላቱ ነው። ቆዳው ስስ ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ ሊሞቅ አይችልም፤ ማደንዘዣውም ሙቀቱን የሚጠብቅበትን ኀይል ያደክምበታል። ሐኪሞች ክፍሉን አብዝተው የሚያሞቁት፣ የሕፃኑንም ራስ ሳይቀር የሚሸፍኑት ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የሰሙ ወላጆች፣ «እንግዲያውስ ማደንዘዣው ቢቀርበት አይሻልምን?» ይሉ ይሆናል። አይሻልም። ቀድሞ ሕፃን ሕመምን አያውቅም የሚሉ ሐኪሞች ስለ ነበሩ፣ እጅግ ጥቂት ማደንዘዣ ብቻ እየሰጡ ቀዶ ጥገና ያደርጉ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. ግን ዶክተር አናንድና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ አገር ያለ ወራቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ያደረጉትን ምርመራ አወጡ። ሕመሙን አጥብቆ የሚያስታግሥ መድኃኒት የተጨመረላቸው ሕፃናት፣ ካልተጨመረላቸው ይልቅ ሰውነታቸው አነስተኛ ጭንቀት እንዳሳየና ከቀዶ ጥገናውም በኋላ የደረሰባቸው ችግር እንዳነሰ ተገለጠ።

አሁን በወላጆች እጅ ወዳለው ነገር እንምጣ። ሰው ጤነኛ ሳለ ምግብ ወደ ሳንባው ሊገባ ቢል በሳል ይመልሰዋል፤ በማደንዘዣ ሲተኛ ግን ይህ ጠባቂ አብሮ ይተኛል። በሆዱ ወተት ያለ ሕፃን ቢያስመልሰው፣ ወተቱ ወደ ሳንባው ወርዶ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ በብዙ ሆስፒታሎች የላም ወይም የዱቄት ወተትና ቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ንጹሕ ውሃ 2 ሰዓት አስቀድሞ እንዲቆም ይታዘዛል። የሆስፒታሉ ትእዛዝ ከዚህ ቢለይ የሆስፒታሉ ይጠበቅ። ለጥንቃቄ ተብሎም ከታዘዘው ሰዓት አብልጦ ማስራብ አይገባም፤ የሕፃን ስንቅ ጥቂት ነውና የደሙ ስኳር ፈጥኖ ይጐድላል።

ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ አንጀቷ አልችል ብሎ ጡት የሰጠች እናት ትኖራለች። ከሩቅ አገር መጥታ፣ ብዙ ቀን ጠብቃ ተራዋ የደረሰ እንደ ሆነ፣ ተራው እንዳይቀርባት ፈርታ ነገሩን ትደብቃለች። እኛ በርኅራኄዋ አንፈርድባትም፤ መደበቋ ግን ከባድ አደጋ አለበት። ቀዶ ጥገናው ለጥቂት ሰዓት ወይም ለሌላ ቀን ቢተላለፍ፣ ተራው ተመልሶ ይገኛል፤ የሕፃኑ ነፍስ ግን አይመለስም።

እንዲሁም ልጁ ያለ ወሩ የተወለደ እንደ ሆነ፣ ጉንፋን ወይም ሳል ይዞት እንደ ሆነ፣ ከዘመዶቹም በማደንዘዣ የተጐዳ ሰው እንዳለ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ ይነገረው። ሕፃኑ ስለ ራሱ የሚናገርበት አንደበት የለውምና፣ በዚያች ሰዓት የወላጆቹ እውነተኛ ቃል አንደበቱም ጠባቂውም ነው ብለን እናሳስባለን።