«ያለቀ» ባትሪና የግቢ ውሻ

ከሚሴን በመሳሰሉ ከተሞቻችን ውሻ በአብዛኛው የግቢ ጠባቂ እንጂ ቤት የሚገባ እንስሳ አይደለም፤ ከቆሻሻ ክምር ምን አንስቶ እንደዋጠ የሚያይ እምብዛም የለም። አጥንትና ጨርቅም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን በመኪና ቁልፍና በሪሞት ውስጥ የሚገኘው፣ አዝራር መሳዩ ባትሪ ነው።

«አልቋል» ተብሎ ይጣላል፤ ዳሩ ግን አላለቀም። ውኃን በኤሌክትሪክ ለመበተን በንድፈ ሐሳብ 1.23 ቮልት ይበቃል። የሊቲየሙ ባትሪ አዲስ ሳለ 3 ቮልት አለው፤ ሪሞቱን ማሠራት ሲያቅተውም ብዙውን ጊዜ ከ2 ቮልት በላይ ይቀረዋል። እርጥብ ጉሮሮ ላይ ሲሰነቀር የኤሌክትሪክ ጅረት በሥጋው ያልፋል፤ በኔጌቲቭ ገጹ በኩል ሃይድሮክሳይድ ይፈጠርና በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ባትሪው መፍሰስ እንኳ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ጨው በጥብጦ በመጋት ውሻውን ማስመለስ የሚባለው ልማድ ይቅር እንላለን። ጨው በብዛት ሲሰጥ ራሱ ይመርዛል፤ ትውከቱም ባትሪውን ዳግም ጉሮሮ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። የሚሻለው የባትሪውን ማሸጊያ ይዞ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መሮጥ ነው። ያለቀውንም ሁለቱን ገጽ በፕላስተር ሸፍኖ መጣል።

ለውሻ ይህን ያህል ምን አስጨነቃችሁ የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሕፃን ጉሮሮም እርጥብ ነው።