ጭስ የማያወጣ ባቡርም ብናኝ አለው

ከደብረ ኤልያስ ተነስተው በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ ለሕክምና ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ሲመጡ፣ በቀላል ባቡር ተሳፍረው ይሆናል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም ጀምሮ የሚያገለግለው ይህ ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ጭስ አያወጣም። ይህ ለከተማዋ አየር ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ጭስ የለም ማለት ብናኝ የለም ማለት አይደለም።

የባቡሩ ጎማ ከሃዲዱ ጋር ሲፋተግና ፍሬን ሲያዝ ጥቃቅን የብረት ብናኞች ይረግፋሉ። በለንደንና በስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች በተደረጉ ልኬቶች፣ የብናኙ መጠን ከላይ ካለው ጎዳና በልጦ ተገኝቷል። የአዲስ አበባው ባቡር ግን በአብዛኛው ከምድር በላይ ስለሚጓዝ ነፋስ ብናኙን ይበትነዋል። በጣቢያ ቆመው ሲጠብቁ ይበልጥ የሚያሰጋዎ በአጠገብዎ የሚያልፈው የመኪና ጭስ ነው።

ከ2 ነጥብ 5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጡ ብናኞች ከፀጉር ዘለላ 30 እጥፍ ያህል ይቀጥናሉ። ስለዚህ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይዘልቃሉ፤ እጅግ የደቀቁት ወደ ደም ይገባሉ። አስምን ያባብሳሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈሱ ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ የእነዚህ ብናኞች ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

ጉዳቱን የሚወስኑት የብናኙ መጠንና የሚተነፍሱበት ጊዜ ናቸው። የግማሽ ሰዓት የባቡር ጉዞ ለጤነኛ ሰው የሚያስፈራ አይደለም። መስኮት በሌለው ማጀት ልጅ አዝላ በእንጨትና በኩበት እንጀራ የምትጋግር እናት ግን፣ ተመሳሳይ ጥቃቅን ብናኞችን በብዛት፣ ለሰዓታት ትተነፍሳለች። የማጀት ጭስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል።

ስለዚህ በጣቢያ ሲጠብቁ ከመኪናው መንገድ ራቅ ይበሉ። አስም ካለብዎ መድኃኒትዎን ይያዙ። አፍንጫን በነጠላ መሸፈን አቧራ ቢቀንስም ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ቤትዎ ሲመለሱ ደግሞ ለማጀትዎ መስኮትና የጭስ መውጫ ያብጁ፤ የተሻሻለ ምድጃ ይጠቀሙ፤ እንጨቱን አድርቀው ያንድዱ፤ ሕፃናትን ከጭስ ያርቁ። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።