ጥርስ ባዳ ነው

«ስላቅ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ የጠገበ ይሳቅ» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉን። ሩቅ አይደለም ያሉት። እዚሁ ቀዳማይ ወያነ እንደኛው ክፍል ተከራይተው፣ ከእኛ ጋር ሽሮ በልተው፣ ማታ ከእኛ ጋር ሲሳሳቁ አምሽተው፣ ጠዋት ብዕር ሲጨብጡ ግን ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ ናቸው። ሲያወሩ ያሥቃሉ፤ ሲጽፉ ያስተክዛሉ። ለነሱ ሥነ ጽሑፍ ማለት ለቅሶ ቤት ነው፤ ነጠላ አዘቅዝቀው ነው የሚገቡበት። ዛሬ ከነሱ ጋር ነው ጠባችን።

መጀመሪያ ፈረንጁን እናንሣው። በክፍል ውስጥ የአሜሪካ ቀልድ ሲነሣ ማርክ ትዌይን ይጠራና ነገሩ ያበቃል። ከሱ በኋላ የመጡት እምብዛም አይነሡም። ጆርጅ ኤድ ከነዚያ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ኢንዲያና ውስጥ ተወለደ፤ ቺካጎ ገብቶ ጋዜጠኛ ሆነ፤ በ1899 «ተረቶች በአራዳ ልሳን» ልንለው የምንችለውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም ተከታዮቹን አከታተለ። ዘዴው ቀላል ነው። የጥንቱን የኤዞፕን ቅርጽ ይወስዳል፤ አንበሳውንና ቀበሮውን ያስወጣል፤ በነሱ ቦታ የከተማ ሰው ያስገባል። ቃላቱን ከመንገድ ይለቅማል። ተራውን ቃል ደግሞ ትልቅ ነገር ይመስል በትልቅ ፊደል ይጀምረዋል። (የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ቀልድ አይተረጐምም፤ እኛ ትልቅነትን የምናሳየው በማዕረግ ነው።) መጨረሻ ላይ እንደ ደንቡ ምክር አለ፤ ምክሩ ግን ተገልብጦ የተሰቀለ ነው።

ከተረቶቹ አንዱ ስለ አንድ ሰባኪ ነው። ሰባኪው የሚናገረው ነገር ግልጽ በመሆኑ ምእመናኑ አይደነቁበትም። አንድ እሑድ ታዲያ ብልሃት ያገኛል። ማንም ሰምቷቸው የማያውቃቸውን ባለቅኔዎች እየጠቀሰ፣ ጭራና ቀንዱ የማይታወቅ ንግግር ይለቅባቸዋል። ያን ጊዜ ሁሉም የገባው መስሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሰባኪውም ሊቅ ተባለ። ለመሆኑ ይህን ያነበበ የኛ አገር ተማሪ ምን ቆርጦት ቺካጎ ድረስ ይሄዳል? «ከዲስኮርሱ ፓራዳይም አንጻር ኮንቴክስቹዋላይዝ ስናደርገው» ብሎ የጀመረ ተናጋሪ ስንቱን አዳራሽ አስጨብጭቧል! የማይገባ ነገር ሁሉ ጥልቅ ነው የሚባልበት ቤት እኛም ዘንድ አለ፤ እንዲያውም ወንበር፣ መድረክና የሻይ ዕረፍት ተመድቦለት። ይህን በስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሚናገር የለም። በተረት ግን ሊነገር ይችላል፤ ተረት አንተ ነህ አይልምና። የተነካው ሰው ራሱን ችሎ ይነካል።

ኤድ ከዚህም አልፎ ሄዶ ነበር። አሜሪካ በ1898 ፊሊፒንስን ከእስፓኝ እጅ ተቀብላ «ላሠለጥናችሁ መጣሁ» ስትል፣ እሱ በ1902 «የሱሉ ሡልጣን» የሚል የዘፈን ቴአትር ጻፈ። አሠልጣኝ ነኝ ባዩን የገዛ ወገኑን መሳቂያ አደረገው። ይህ ጥርስ ነበር። በኋላስ? ገንዘቡ ጐረፈ፤ ኢንዲያና ውስጥ ሰፊ እርሻ ያዘ። በ1908 ዊልያም ታፍት ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ዘመቻውን የከፈተው በዚሁ በኤድ እርሻ ላይ ነው። ታፍት ማነው? ከጥቂት ዓመት በፊት የፊሊፒንስ ገዥ የነበረ ሰው! የተቀለደበት አገዛዝ ሹም የቀልደኛው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሕዝብ ሰብስቦ ንግግር አደረገ። ኤድን ማንም አላሰረውም፤ መጽሐፉንም ማንም አልሰበሰበበትም። አቅፈው፣ ስመው፣ አጨብጭበው ጥርሱን አወለቁት።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ስላቅ የፈረንጅ ነው ለሚሉን አንድ ጥያቄ አለን፦ የአማርኛ ቴአትር በምን ተጀመረ? በለቅሶ ነው? በስብከት ነው? በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው የመጀመሪያው። ልብ በሉ፤ በኩሩ ስላቅ ነው! ያውም የጻፉት ሰው ዋዛ ፈዛዛ አልነበሩም። ከዓድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተሻግረው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ ፈረንሳይንና እንግሊዝን ያዩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ ኢጣልያ በመጣች ጊዜ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ ናቸው። ፌዘኛ ሥራ ፈት ነው የሚል ካለ ከዚህ ስም ጋር ይጋጠም።

ተክለ ሐዋርያት አዲስ አበባ ተመልሰው ሲያዩ፣ ቴአትር ተብሎ የሚታየው ዘፈንና ጭፈራ ነበር። እሳቸው የላ ፎንቴንን ተረቶች ይዘው፣ አውሬዎቹን አማርኛ አስተምረው፣ መኳንንቱ በተቀመጡበት በቴራስ ሆቴል አቆሟቸው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አሜሪካዊው አውሬውን አስወጥቶ ሰው አስገባ፤ የኛው ሰው ደግሞ ሰውን አስወጥተው አውሬ አስገቡ። ለምን ቢሉ፣ ቺካጎ ውስጥ ሻጩንም ሰባኪውንም እንደ ልብ መጥራት ይቻላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው ማዕረግ፣ ዘመድና ጋሻ ጃግሬ ነበረው። አውሬ ዘመድ የለውም። ቢሆንም መኳንንቱ የራሳቸውን መልክ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። የመንግሥቱ ሥራ መበላሸት፣ የሹሙ ጉቦና ስንፍና በአውሬ አፍ ሲነገር ገባቸው። ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት። ቴአትር የሚባለው ነገርም ኃይለ ሥላሴ ዘውድ እስኪጭኑ፣ እስከ 1923 ድረስ፣ ተዳፍኖ ቆየ። አንድ ተረት ዐሥር ዓመት ያህል መድረክ አዘጋ ማለት ነው። ታዲያ ይሄ ነው ቅንጦት?

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። በ1955 አቤ ጉበኛ «አልወለድም» ብሎ፣ በማኅፀን ያለ ልጅ ወደዚህች ምድር አልመጣም እያለ ሲሟገት ጻፈ፤ መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው ተጋዘ። የደርግ ዘመን ሳንሱር ለማንም አይነገርም፤ ሁሉም ያውቀዋል። በ1985 የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። እሰየው! ግን ቀዩን እስክሪብቶ ይዞ የተቀመጠው ሰው ከቢሮው ሲወጣ ወዴት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ጓደኛ አፍ ውስጥ ገባ። «ተው»፣ «ይቅርብህ»፣ «ማንን ለማለት ነው?» ሲል የምንሰማው እሱ ነው።

አንድ ጓደኛችን ጅብ የበጎች ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆኖ ስለ በጎች ደኅንነት ቃለ ጉባኤ ሲያስይዝ የሚያሳይ ሁለት ገጽ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ለስቴንስል ከመድረሱ በፊት ነው ክርክሩ የተነሣው። ጅቡ ማነው? በጎቹስ እነማን ናቸው? ለምን ቃለ ጉባኤ? የበላይ አካል አልጠየቀንም፤ የጠየቁን የክፍል ጓደኞቻችን ናቸው። ጅቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ የፈሩት ጅቡ እንዳያውቅ ነው። የመድረኩን እገዳ ያዩት መኳንንት ቢያንስ ስለ ራሳቸው ነበር የተቆጡት። የኛዎቹ የሚቆጡት ስለ ሌላው፣ ያውም ሳይላኩ ነው።

ሌላም የማጥፊያ መንገድ አለ፤ ማጣፈጥ። አለቃ ገብረ ሐናን ምን አደረግናቸው? ሊቅ ነበሩ፤ የተክሌ አቋቋም የሚባለው ከሳቸው የወጣ፣ በልጃቸው ስም የሚጠራ ነው። ዛሬ ግን ስማቸው ሲጠራ ስለ ጠላና ስለ ሴት የሚቀልዱ አጫዋች ብቻ ሆነው ይመጣሉ። በባለ ሥልጣንና በግብዝ ላይ የወረወሩት ተሸርፎ ቀርቶ፣ ማንንም የማይነካው ተመርጦ በሠርግ ቤት ይነገራል። ኤድን በእርሻ እንዳባበሉት፣ አለቃን በጨዋታ አባበልናቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር። «ሐዘን ባለበት አገር ፌዝ ነውር ነው» ይሉናል። ይህን የሚሉትን አንንቅም። ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ጦርነት በዚህ ከተማ ያልቀበረ፣ ያልተራበ፣ የጠፋበትን ያልጠበቀ ቤት ጥቂት ነው። ያዘነችውን እናት አንሥቶ የሚቀልድ ካለ ብዕሩን ከእጁ ለመንጠቅ ከሁሉ ቀድመን የምንደርሰው እኛ ነን። ነገር ግን ስላቅ በእናትየው ላይ አይደለም። በሐዘኗ ላይ ቆሞ ንግግር በሚያደርገው፣ ስሟን በዝርዝር ውስጥ ጽፎ ከዝርዝሩ በሚነግደው፣ ለስሟ አዳራሽ ሞልቶ ለሆዷ ባዶ እጁን በሚመጣው ላይ ነው። «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው፤ ልብ እያለቀሰ ጥርስ ይስቃልና። እናቶቻችን ቡና ላይ ሲቀመጡ ሰምታችኋቸው ከሆነ ታውቃላችሁ። ሦስተኛው ስኒ ሳይወርድ ያልተነካ ሹም፣ ያልተነካ ነጋዴ፣ ያልተነካ ሰባኪ አይኖርም፤ ስቀው ሲያበቁ ያለቅሳሉ፣ አልቅሰው ሲያበቁ ደግሞ ይስቃሉ። በትግርኛ ማሰ የሚደረድረውስ ሰው፣ ከውዳሴው መሐል አንዲት ስንኝ ሸጉጦ የተወደሰውን ሲወጋ አላያችሁም? እናቶቻችን የማያፍሩበትን እኛ በምን እናፍራለን? አፍረን ነው ወይስ ፈርተን?

ፈርተን ነው ካላችሁ ይገባናል፤ ፈሪ ጓደኛ አይጠላም። ፍርሃትን ጨዋነት ብሎ መጥራት ነው ያልተስማማን። «ቁም ነገር ጻፉ» ሲባልም እንሰማለን። ቁም ነገር የሚባለው ስለ ጨረቃ፣ ስለ ከዳች ፍቅረኛ፣ ስለ ተስፋ ጎሕ መጻፍ ከሆነ፣ እሱንማ ለዚህ መጽሔት በየወሩ በኪሎ ያመጡልናል። ጎሑ ግን አሁንም አልቀደደም።

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የቴአትር ክበቡ በዓመት አንድ ጊዜ የሚያሳየው የሥነ ምግባር ድራማ አለ፤ መጥፎው ልጅ በመጨረሻ ተጸጽቶ የሚያለቅስበት። ዘንድሮ ይቅር። በሱ ፈንታ «ፋቡላ» ይሠራ፤ አውሬዎቹ በአማርኛ ይናገሩ፣ ካስፈለገም ትግርኛ እናስተምራቸዋለን። ጭንብሉን ከካርቶን መሥራት አያስቸግርም። ለሹማምንቱ የጥሪ ወረቀት ይላክ፤ የፊት ወንበሮቹ ይለቀቁላቸው። በ1913ም የተቀመጡት እዚያው ነበር።