ስምንቱ አለፉ፤ ዘጠና ሁለቱስ ወዴት ይሂዱ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አገሩ ሁሉ አንድ ሳምንት ይንጫጫል። ስንት ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ አመጣ? ስንት ትምህርት ቤት አንድም ልጅ ሳያሳልፍ ቀረ? ከፍተኛውን ነጥብ ያስመዘገበው ማን ነው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ሳምንቱ ሲያልፍ ግን ጫጫታውም አብሮ ያልፋል። ለመሆኑ ያላለፉት ልጆች በማግስቱ ምን ያደርጋሉ? ይህን የሚጠይቅም ሆነ የሚመልስ ወገን እስካሁን እምብዛም አልታየም።

ቁጥሮቹ ሲመረመሩ

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤትን ይፋ ሲያደርጉ፣ ለፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ወይም 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ተገለጸ። በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍማ ከ556,878 ተፈታኞች ያለፉት 6,973፣ ማለትም 1.3 በመቶ ነበሩ። ከ2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የአላፊዎቹ ድርሻ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል።

ከ3.3 ወደ 8.4 መድረስ በወረቀት ላይ ሲታይ ትልቅ ዕድገት ነው። ሆኖም ነገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. ያለፉት 48,929 ሲሆኑ የተፈተኑት 585,882 ናቸው። የተፈታኙ ቁጥር ከ2014 ዓ.ም. ጋር ሲነጻጸር ከ300 ሺህ በላይ ቀንሷል። ተፈታኙ እንደ ቀድሞው 896 ሺህ ቢሆንና ያለፉት እነዚሁ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ምጣኔው 5.5 በመቶ ገደማ ላይ በቆመ ነበር። መሻሻል የለም ማለት አይደለም፤ መቶኛው የሚያሳየውን ያህል አይደለም ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን ላስታወሰ፣ ለፈተና እንኳ ያልደረሱ ልጆች እንዳሉ ይገባዋል።

ፈተናው ውድቀቱን አልፈጠረም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ተሰርቆ ከተሰረዘና በሌላ ከተተካ በኋላም የኩረጃና የስርቆት ወሬ አልቆመም ነበር። የመግቢያ ነጥቡም ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው ቦታ ልክ ከፍና ዝቅ ይል ስለነበር የተማሪውን እውነተኛ አቅም ሸፍኖ ኖሯል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግና 50 በመቶ ቁርጥ ያለ ማለፊያ ሲሆን መሸፈኛው ተገፈፈ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ሥሩን እንይ። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በ2014 ዓ.ም. የተፈተኑት ልጆች ያኔ አንደኛ ክፍል ሊገቡ የተቃረቡ ሕፃናት ናቸው። የዓለም ባንክም በኢትዮጵያ ከአሥር ዓመት ሕፃናት ከአሥሩ ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ገልጿል። በሌላ አነጋገር፣ በ12ኛ ክፍል የታየው ውጤት በታችኞቹ ክፍሎች የተዘራው ነው።

የጠፋው መገንጠያ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 10ኛ ክፍል ላይ መገንጠያ አበጅቶ ነበር። ብሔራዊ ፈተናውን ያለፈ ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። አሠራሩ ብዙ የሚነቀፍበት ነበረው። የ16 ዓመት ልጅን ዕጣ በአንድ ፈተና ይወስናል፤ የሙያ ትምህርትንም "የወዳቂዎች ቤት" አስመስሎታል። ቢሆንም ለልጁ አንድ ነገር ይነግረው ነበር፦ ከዚህ በኋላ መንገድህ በዚህ ነው።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ተማሪው እስከ 12ኛ ክፍል ያለ ከልካይ ይጓዛል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ አደረጃጀቱን ከ1986 በፊት ወደነበረው 6፣ 2፣ 4 መልሶ ሁለተኛ ደረጃን አራት ዓመት አድርጎታል። በሐሳብ ደረጃ መልካም ነው፤ ልጆች ሁለት ዓመት ጨምረው ይማራሉ። በተግባር ግን አሮጌው መገንጠያ ሲነሳ በቦታው ሌላ በደንብ የተሠራ መገንጠያ አልተተከለም። ልጁ 18 ዓመቱ ላይ ደርሶ፣ ለዩኒቨርሲቲ ብቻ ተብሎ በተዘጋጀ ትምህርት አራት ዓመት ከቆየ በኋላ "አልሆነም" ይባላል።

ማን ይቀበለዋል? ከወደቁት መካከል የተሻለ ነጥብ ላላቸው በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ሪሚዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ተስፋ ሰጥቷል። በመጀመሪያው ዙር ከመቶ ሺህ በላይ ተማሪዎች ዕድሉን አግኝተዋል። ለቀሩት ግን የሚሸኛቸውና የሚቀበላቸው ተቋም ለየቅል ነው። ፈተናውን የሚያስተዳድረው በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ያለው መዋቅር ሲሆን፣ ቴክኒክና ሙያ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ነው። አንዱ "እኔ ጨርሻለሁ" ሲል ሌላው "ይመዝገቡ" እያለ ይጠብቃል። በመሀል ያለውን መንገድ ልጁ በራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ወላጁ ያልተማረ፣ ከተማ ዘመድ የሌለው የገጠር ልጅ ይህን እንዴት ያገኘዋል? ደላላው ግን ቤቱ ድረስ ይመጣለታል፤ በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚወስደው አደገኛ መንገድ ማንንም የትምህርት ማስረጃ አይጠይቅም።

ዲግሪም ዋስትና አልሆነም

ብዙ የከተማ ወላጅ መፍትሔው ለልጁ አስጠኚ መቅጠርና የተሻለ የግል ትምህርት ቤት መፈለግ ይመስለዋል። ልጁ 50 በመቶ ካመጣ ነገሩ ያለቀ አድርጎ ያያል። ነገር ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ በስፋት መሰጠት የጀመረውን የመውጫ ፈተና ከመንግሥትና ከግል ተቋማት ወስደው ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲው በር የገባ ሁሉ ባለሙያ ሆኖ አይወጣም። ምን መማር እንደሚፈልግ፣ ሙያው ምን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ የተመደበበትን የሚማር ወጣት፣ ችግሩን በአራት ዓመት አዘገየው እንጂ አላመለጠውም።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሕይወትም ማዘጋጀት እንደሚችል የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። በንጉሡ ዘመን የነበሩት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበኛው ትምህርት ጎን የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ የጽሕፈት መኪና፣ የቤት አያያዝና የግብርና ትምህርት ይሰጡ ነበር። ከአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት የወጡ የባንክና የቢሮ ሠራተኞች፣ ከተግባረ ዕድ የወጡ የኤሌክትሪክና የመካኒክ ባለሙያዎች በትምህርት ቤታቸው የሚኮሩ ነበሩ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የሙያና የቴክኒክ ትምህርት እንዲሰጥ ይላል። ጥያቄው ወርክሾፑ፣ መሣሪያውና መምህሩ አለ ወይ የሚለው ነው። ብየዳን በጥቁር ሰሌዳ ማስተማር አይቻልም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ምክሩ ከ9ኛ ክፍል ይጀምር። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤት የልጁን ዝንባሌና ድክመት በበቂ ያሳያል። በሒሳብ ወደኋላ የቀረን ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ ከማዘን 9ኛ ክፍል ላይ መርዳት ይቀላል። ይህን ሥራዬ ብሎ የያዘ አማካሪ መምህር በየትምህርት ቤቱ ይመደብ፤ በትርፍ ሰዓት የሚሠራ የስም አማካሪ አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ውጤቱና ቀጣዩ መንገድ አብረው ይምጡ። ተማሪው ነጥቡን በሚያይበት ቀን፣ በአካባቢው የትኛው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ በምን ሙያ እንደሚቀበለው፣ ምዝገባው መቼ እንደሆነ፣ የብቃት ምዘናው ምን እንደሚጠይቅ አብሮ ይነገረው። ሁለቱ ሚኒስቴሮች የቀን መቁጠሪያቸውን ለማስማማት ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋቸውም።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቶች የሚለኩበት ይስተካከል። ስንት አሳለፉ ከሚለው ጋር፣ የለቀቋቸው ተማሪዎች ከአንድ ዓመት በኋላ የት እንዳሉ ይጠየቁ። ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ፣ ሥራ ወይስ ቤት? ይህን መዝግቦ መያዝ የጀመረ ትምህርት ቤት ስለ ተማሪው ማሰቡም አይቀርም።

አራተኛው ሥራ ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ባለሙያ ድርሻ ነው። ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ ጋራዡ፣ የሒሳብ መዝገብ ቢሮው በክረምት ለጥቂት ሳምንታት ሁለት ሦስት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን ተቀብሎ ሥራ ቢያሳይ የሚያጎድልበት ነገር የለም። መሐንዲሱና ነርሷ በተማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በዓመት አንድ ቀን ተገኝተው ሙያቸው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደተገባበት ቢናገሩ፣ ብዙ ልጅ ከቤተሰቡ ሊያገኝ የማይችለውን እውቀት ያገኛል።

በ2017 ዓ.ም. ብቻ 536,953 ተፈታኞች 50 በመቶ አላመጡም። የዳኝነቱ ጥብቅነት ይቀጥል፤ ማለፊያውን ዝቅ ማድረግ መልሶ ራስን ማታለል ነው። ነገር ግን አጥብቆ የሚፈትን መንግሥት አጥብቆ የመሸኘትም ግዴታ አለበት። በአንድ ዓመት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጣት "አልሆነም" ብሎ ቤቱ የሚልክ አገር፣ ወጣቶቹ ከዚያ በኋላ የት እንደገቡ አላውቅም ማለት አይችልም።