«ኮፒራይት አለበት» እያላችሁ ሃንድአውት ለምትደብቁ መምህራን

ተማሪ «ስላይዱን ቴሌግራም ላይ ልቀቁልን» ሲል «አይቻልም፣ ኮፒራይት አለበት» ይባላል። ያው ስላይድ ግን ግቢው በር ላይ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ተጠርዞ ይሸጣል። ኮፒራይቱ እዚያ ሲደርስ ይቀራል እንዴ?

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 11ን አንብቡት። የታተመን ሥራ ለማስተማር ሲባል ማባዛትን ባለመብቱ ሊከለክል አይችልም፤ ልኩን እስካላለፈና ትምህርቱ ከሚጠይቀው እስካልበለጠ ድረስ። በተቻለ መጠን ምንጩና የደራሲው ስም ይጠቀስ ይላል። በቃ።

ሙሉ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ሺህ ሰው ያለበት ክፍት ቻናል ላይ መልቀቅ ሌላ ነገር ነው። አዋጁ ሆን ብሎ መብት ለሚጥስ የእስራት ቅጣት አስቀምጧል፤ ቀልድ አይደለም። ለክፍላችሁ ተማሪ አንድ ምዕራፍ መስጠት ግን ይሄ አይደለም።

«ሞጁሉ የራሴ ነው» የምትሉም አላችሁ። በደመወዝ፣ በሥራችሁ ላይ ያዘጋጃችሁት ከሆነ፣ ሌላ ውል ከሌለ በስተቀር የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ደግሞ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ።

የሚያናድደው ይሄ ነው፦ ሕጉ የፈቀደውን ማካፈል እንከለክላለን፣ ያዘዘውን ስም መጥቀስ እንዘላለን። ከሌላ ሰው መጽሐፍ ቃል በቃል የተገለበጠ ስላይድ ላይ «አዘጋጅ፦ መምህር እገሌ» ተብሎ ይጻፋል። በእኛ በመንዝ ገዳማት ብራና ላይ እኮ የጻፈው ሰው መጨረሻው ላይ ስሙን አስፍሮ «ጸልዩልኝ» ይላል። ውግዘቱም መጽሐፉን ለሚሰርቅና ለሚፍቅ ነበር እንጂ ለሚቀዳ አልነበረም። ባይቀዳ ኖሮ በምን ይደርሰን ነበር? እናንተ ግን መቅዳቱን አውግዛችሁ መፋቁን ፈቀዳችሁ።

ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል፣ ከዓለም ከተማ ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ነዋ! አባቱ በግ ሸጦ የላከለት ብር ለጥራዝ ያልቃል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ ደግሞ፣ ቤቱ ለተመለሰ ተማሪ ስልኩ ላይ ቀድሞ ያወረደው ፋይል ብቻ ነበር ላይብረሪው። ያልላካችሁለትን ከየት ያምጣው?

የራሳችሁን ስትለቁ ከላይ «ስሜን ጠቅሳችሁ ተጠቀሙ» ብላችሁ ጻፉበት። የሰው መጽሐፍ ከሆነ የሚያስፈልገውን ምዕራፍ ብቻ ለክፍላችሁ ግሩፕ ላኩ፤ ደራሲውን፣ ርዕሱንና ገጹን ጨምሩበት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዩኒቨርሲቲዎችም ይሄን በሴኔት ደንባቸው ላይ አንድ ገጽ ይጻፉልን፤ መምህሩም እስር ፈርቶ፣ ተማሪውም ለምኖ አይኑር።

ኮሜንት ላይ ልትሰድቡኝ የመጣችሁ፣ እስቲ መጀመሪያ የራሳችሁን ስላይድ የመጨረሻ ገጽ ከፍታችሁ ማጣቀሻ እንዳለው እዩልኝ።