ከብረቱ በፊት ታሪኩ ይመርመር

አሮጌ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ዐይኑ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። ቃታው ይሳባል ወይ? አፈሙዙ ዝጓል ወይ? እጀታው ተሰንጥቋል ወይ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ዋጋውን የሚሰቅለው ግን ሌላ ነገር ነው። በአፋር ክልል በአፋምቦና በአሳይታ አካባቢ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሽያጭ ሲቀርብ ከብረቱ ጋር ታሪክም አብሮ ይሸጣል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ታሪኩን ሊመረምር፣ ብረቱንም እንደ ምስክር አቁሞ ሊጠይቅ ይገባዋል እላለሁ።

ይህ የአውሳ ምድር ለእንዲህ ዓይነቱ ታሪክ የተመቸ ነው። ለግብጹ ከዲቭ እስማኤል ያገለግል የነበረው ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ከታጁራ ተነሥቶ ወደ መሃል አገር ሲገሰግስ፣ ኅዳር 5 ቀን 1868 ዓ.ም. የሱልጣን መሐመድ ሃንፈሬ ተዋጊዎች አውሳ ላይ ጦሩን ደመሰሱት፤ እሱም እዚያው ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላው የግብጽ ጦር ጉንደት ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ተመታ። ይህን የመሰለ ድል ባለበት አገር የዛገ መሣሪያ ሁሉ «ከሙንዚንገር ጦር የተማረከ ነው» ቢባል አይገርምም። ነገር ግን በአፋር በረሃ መሣሪያ የገባው በአንድ በር ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ሁለት ሺህ ያህል ያረጁ ጠመንጃዎች ይዞ ከታጁራ ወደ ሸዋ የወጣው ይህንኑ በረሃ አቋርጦ ነው። ከዚያም በኋላ የጣሊያን ወረራ መጣ። አንድ ሽጉጥ ከነዚህ በየትኛው እንደገባ በዐይን ግምት መናገር አይቻልም።

ብረቱ የሚናገረው እዚህ ላይ ነው። ቤልጅግ አገር ሊዬዥ ከተማ የተሠሩ መሣሪያዎች ተፈትነው ሲያልፉ ኢ፣ ኤል እና ጂ የተባሉት የላቲን ፊደላት በሞላላ ክብ ውስጥ ይታተሙባቸው ነበር። ከክቡ በላይ ዘውድ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። ሻጩ «በ1868 የተማረከ» እያለ ማኅተሙ ዘውድ ከደፋ፣ ታሪኩ እዚያው ላይ ይፈርሳል፤ ሽጉጡ የተፈተነው ሙንዚንገር ከሞተ ከ17 ዓመት በላይ ቆይቶ ነውና። ተራ ቁጥሩም እንዲሁ ነው። በአካሉና በተሽከርካሪው የጥይት ቤት ላይ የተለያየ ቁጥር ከተገኘ፣ ምናልባት ዕቃው ከሁለት ሽጉጥ ተገጣጥሞ ይሆናል። የፊደላቱ ጠርዝ ተልጦ ደብዝዞ ብረቱ ግን አዲስ ጥቁረት ካበራ፣ ተፍቆ እንደገና ተቀብቷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከማየት በፊት ግን መሣሪያው ባዶ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ለጥቁር ባሩድ በተሠራ ሽጉጥ የዛሬ ጥይት መሞከርም እጅን አሳልፎ መስጠት ነው።

ጽሑፍ ያለበት ብረት ምን ያህል እንደሚናገር የመቅደላው ሽጉጥ ያሳያል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን የሰዉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ስጦታ መሆኑ የታወቀው በላዩ በተቀረጸው ቃል ነው፤ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት ደግነት የተሰጠ ምስጋና መሆኑን ይገልጻል። ያ ቃል በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለዚያ ሽጉጥ ምን ማለት ይቻል ነበር? በዚህ የተነሣ አሮጌ መሣሪያን «ለማሳመር» የሚደረግ ፍተጋ እጅግ ያሳዝነኛል። ዝገቱ ሲለቅ ምስክሩም አብሮ ይሄዳል።

«የሽማግሌ ቃል አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በተለይ ለአፋር። አፋር ዳጉ የሚባል ወሬ የመለዋወጫ ወግ ያለው ሕዝብ ነው። በዳጉ ወሬ የሚቀበል ሰው በዐይንህ አየህ ወይስ ሰማህ፣ ከማን ሰማህ፣ የትና መቼ ብሎ ይጠይቃል፤ የሐሰት ወሬም ያስነውራል። የሽማግሌን ቃል አልንቅም፤ እንዲያውም ቃሉ በራሱ በዳጉ ወግ ይመዘን ነው የምለው። «የአያቴ ነው» ከማለት አልፎ አያት ከማን እንዳገኘው፣ በማን እጅ እንዳለፈ የሚያስረዳ ቃል ከማኅተሙ ጋር ሲገጥም፣ ያ ዕቃ በእርግጥ ውድ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የባለቤቱ ችግር ነው። ድርቅና ጎርፍ የሚፈራረቁበት አርብቶ አደር የአባቱን መሣሪያ ቢሸጥ አልፈርድበትም። ይሁንና ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። በድብቅ የሚሸጥ ሰው ደግሞ የዕቃውን ትክክለኛ ዋጋ አያገኝም፤ የሚያተርፈው መካከል ላይ ያለው ደላላ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ተመዝግቦ፣ ባለቤቱም ተገቢውን ክፍያ አግኝቶ ሰመራ ወይም አሳይታ ላይ ለሕዝብ ቢታይ፣ አገሩም ባለቤቱም ይጠቀማሉ።

አፋምቦ ድረስ ዘልቀህ አሮጌ ሽጉጥ ለምታይ ሰው የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ዋጋ ከመነጋገርህ በፊት ተቀምጠህ ዳጉ ጠይቅ፣ የባለቤቱንም ቃል ከነስሙና ከነቀኑ ጻፈው።